ዝናብ የመታው ቆዳ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሚጣዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ እናትሽ ጉልበቴን ጉልበቴን ትላለች እንጂ ሌላ ምንም የለም፣ ድመትሽ ደሞ አራት ወልዳ አልጋ ሥር ይዛቸዋለች ማንንም አታስጠጋም። ይሄን ቴሌግራም ላይ ስጽፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፣ ጣቴ ወፍራም ነው አንዱን ፊደል ስነካ ሌላው ይመጣል፣ የተሳሳተ ካለ እንዳትስቂ። በስልክ ልነግርሽ ነበር ያሰብኩት ግን ይሄ ነገር በአፍ አልወጣ አለኝ።

ማክሰኞ ማታ ከእናትሽ ጋ ስታወሪ ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር እኮ። ሁሉንም ሰምቻለሁ። ጭነቱን ደግሜ ካልቆጠርኩ አልፈርምም ብለሽ አውሮፕላኑን 11 ደቂቃ አስቆየሽ፣ አለቃሽ ሰው ፊት ጮኸብሽ፣ አንቺም ሽንት ቤት ገብተሽ አለቀስሽ፣ መጨረሻ ላይ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ተገኘና ጭራሽ መሳቂያ ሆንሽ። እናትሽ "ምናለ አንቺም እንደ ሰው ብትሆኚ" ስትልሽ እኔ ስኒዬን ይዤ ዝም አልኩ። አባዬ ምንም አላለም ብለሽ ቅር ብሎሽ ይሆናል። ዝም ያልኩት ግን የምለው ጠፍቶኝ ሳይሆን የምለው በዝቶብኝ ነው።

ባለፈው "እናንተ ያለ ኮምፒውተር እንዴት ነበር የምትጭኑት" ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር አይደል፣ ከሱ ልጀምር፣ ወደ ዋናው እመጣለሁ።

እኔ 1966 ላይ እዚህ ባህር ዳር አውሮፕላን ሜዳው ላይ ሥራ ስጀምር የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ዲሲ ስሪ የምትባለዋ አውሮፕላን ደግሞ (ብዙ ሰው ዳኮታ ይላታል) ያኔም አሮጊት ነበረች። መጀመሪያ የተነሳችው በፈረንጆቹ ዲሴምበር 17 ቀን 1935 ነው፣ እንግዲህ ጣልያን አገራችንን በወረረ በሁለት ወር ተኩሉ፣ ማይጨው ገና ሳይደርስ ማለት ነው። አውሮፕላን የሚባል ነገርማ ከዛም በፊት አዲስ አበባ ገብቷል፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ፖቴዝ 25 የምትባል የፈረንሳይ ስሪት አርፋለች። በትኬት ሰው ማመላለስ ግን የመጣው ከጣልያን በኋላ ነው፣ ጃንሆይ ትራንስ ወርልድ ከሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ተዋውለው፣ ከጦርነቱ የተረፉ አምስት ሲ-47 ተገዝተው፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 የመጀመሪያዋ ከአዲስ አበባ በአስመራ አድርጋ ካይሮ ሄደች። ሲ-47 ማለት ያቺው ዲሲ ስሪ ናት፣ የወታደር ልብስ ለብሳ። ያኔ ሜዳው ልደታ ነበር፣ ቦሌ በኋላ ነው የመጣው። ወንበሩም እንዳሁኑ ተደርድሮ ወደፊት የሚያይ አልነበረም፣ በግራና በቀኝ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ አግዳሚ ነው፣ ሰዉ ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጥና መሀሉ ላይ ጭነት ይታሰራል። ቡና፣ ቆዳ፣ ያገኘሽውን። ፓይለቶቹም መጀመሪያ ፈረንጆች ነበሩ፣ ከኛ ሰው በካፕቴንነት ቀድመው የያዙት ካፕቴን ዓለማየሁ አበበ ናቸው።

1955 ላይ ጄቱ መጣ፣ ቦይንግ 720። ግን ጄቱ ለውጭ አገር ነው፣ አገር ውስጥ ያለው አጭርና ጎርባጣ ሜዳ የማንም ሳይሆን የዳኮታ ነበር፣ እኔ ስገባም ብዙ ዘመን ቆይታ ገና አልወጣችም። ደግሞ እኮ ያኔ ከባህር ዳር አዲስ አበባ በአውቶብስ ስትሄጂ ደብረ ማርቆስ አድረሽ፣ ዓባይ በረሃ ወርደሽ፣ ወጥተሽ፣ አቧራ ለብሰሽ ነው። በሷ አንድ ሰዓት ከምናምን ነው፣ የተጠቀለለ እንጀራ እንኳ አይደርቅም።

እኔ የምሠራው ጭነት ለሚያስጭን አንድ ድርጅት ነበር፣ ስሙን ተይው፣ አሁን የለም። መጀመሪያ ሎደር፣ በኋላ ስምንተኛ ክፍል የጨረስኩ መሆኔ ሲታወቅ ወረቀት ያዥ ሆንኩ። ሰው ግን ትንሽ ስለሆነ ሁላችንም ሁሉን እንሠራለን፣ ጎማዋ ሥር ታኮ እናደርጋለን፣ ቤንዚን እንቀዳለን፣ ከብት እናባርራለን። ከብት ስልሽ የምሬን ነው፣ ያኔ አጥር የሚባል ነገር ለይስሙላ ነው፣ አውሮፕላን መጣ ሲባል አንድ ሰው ዱላ ይዞ ይሮጣል ላም ለማስወጣት። ወፍም አለ፣ ጣና ዳር ወፍ ሞልቷል። ዳኮታ ፕሮፔለር ስለሆነች ወፍ ቢመታት ብዙ ጊዜ ትችለዋለች፣ ጄት ነው ወደ ሆዱ የሚስበው። መስከረም 5 ቀን 1981 እዚሁ ከተማችን ላይ የሆነውን ታውቂዋለሽ፣ ርግቦች ናቸው ሁለቱም ሞተር ውስጥ የገቡት፣ ከ104 ሰው 35ቱ አለቁ። ስለዛ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አውሮፕላኗ እኛ ጋ ያደረች ጊዜ ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ሜዳ ላይ ነን። መጀመሪያ ውሃ ነው የሚታየው። ጣና ዳር ሌሊቱ ርጥብ ነው፣ ታንኩ ጎዶሎ ካደረ ውስጡ ላብ ይሠራል፣ ውሃው ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። ስለዚህ ከክንፉ ሥር ያለውን ቧንቧ ከፍተሽ በጠርሙስ ትቀጂና ወደ ብርሃን ታደርጊዋለሽ። ቤንዚኑ አረንጓዴ ነው፣ መቶ ሠላሳ የሚባለው፣ አረንጓዴ የሚያደርጉት ሆን ብለው ነው ከሌላው እንዳይምታታ፣ ላምባ መሳዩ የጄት ነዳጅ እንዲህ ያለ ሞተር ውስጥ ቢገባ ሞተሩን ይገለዋልና። ውሃ ካለ ከጠርሙሱ ሥር እንደ ጨሌ ተንከባሎ ታይዋለሽ፣ እሱ እስኪጠፋ ትቀጃለሽ። ከበርሜል ስንቀዳም በስስ ቆዳ እናጠልላለን፣ ቆዳው በቤንዚን ከራሰ ቤንዚኑን ያሳልፋል ውሃውን ያስቀራል። የመሬት ሽቦዋን ሳታስሪ ግን ቧንቧ አትነኪም፣ አንድ ብልጭታ ትበቃለች።

ከዛ ብሌዱ፣ የፕሮፔለሩ ምላጭ ማለቴ ነው። ይሄን ሥራ እስካሁን በህልሜ እሠራዋለሁ። የሷ ሞተር ክብ ነው፣ 14 ሲሊንደር አለው ሰባት ሰባት ሆነው በሁለት ረድፍ እንደ አበባ ዙሪያውን የተደረደሩ፣ እና ቆማ ስታድር ዘይቱ ወደታች ይወርድና ከሥር ባሉት ሲሊንደሮች ውስጥ ይጠራቀማል። አየር ይታመቃል፣ ዘይት ግን አይታመቅም። እንዲህ እንዳለች ሞተር ብታስነሺ ፒስተኑ ዘይቱን ይገፋል፣ ዘይቱ አልታመቅም ይላል፣ ብረቱ ይጣመማል፣ ዛሬ ባይሰበር አየር ላይ ይሰበራል። ስለዚህ ከመነሳቷ በፊት ፕሮፔለሩን በእጅ እየገፋን እናዞራለን። አንድ ሰው ይገፋና ይሸሻል ቀጣዩ ይመጣል፣ ካቦአችን ጮክ ብሎ ይቆጥራል፣ ዘጠኝ ብሌድ ሳይሞላ አይለቅም። በመዳፍ ነው የሚገፋው፣ ጣት አይጠቀለልበትም፣ ማግኔቶ (ለሞተሩ ብልጭታ የሚሰጠው) ጠፍቷል ተብሎ ከላይ ካልተነገረሽ ደግሞ አትጠጊም፣ ድንገት ከተነሳ እጅሽን ይዞት ይሄዳል። ጤነኛ ሲሆን ሲገፋ ሽፍ... ሽፍ... እያለ እንደሚተነፍስ ከብት ነው፣ ትንሽ ይከብዳል ከዛ ይለቃል። ዘይት ካለው ግን ግድግዳ እንደገፋሽ ቀጥ ይላል። ያኔ አትታገይም፣ ወደኋላም አትመልሽም፣ መካኒክ ጠርተሽ የታችኛውን ካንዴላ ያስፈታዋል፣ ዘይቱ ይወርዳል፣ እንደገና ከአንድ ትቆጥሪያለሽ። ዘይቷ የማይንጠባጠብ ከሆነ አልቋል ማለት ነው እየተባለ ይቀለድ ነበር፣ ውሸት አይደለም፣ እናትሽ ያኔ ሸሚዜን ስታጥብ ታለቅስ ነበር።

ሲነሳ ደግሞ አንድ ሰው እሳት ማጥፊያ ይዞ ካፕቴኑ በሚያየው በኩል ይቆማል። ፕሮፔለሩ ሁለት ሦስቴ ሰነፍ ሰነፍ እያለ ይዞርና አንዱ ሲሊንደር ቧ! ይላል፣ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል፣ ሌላው ይከተላል፣ ከዛ ሁሉም ይያያዝና ጭሱን ወደኋላ ጠራርጎት ይሄዳል፣ ኮፍያ ያላወለቀ ሰው ኮፍያውን ሊለቅም ወደ ጤፍ ማሳ ይሮጣል። ደስ ይለኝ ነበር። የኔ ልጅ የአሁኖቹ ሲነሱ እኮ ፉጨት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጭነቱ። ይሄን በደንብ አንብቢው።

ዳኮታ ጭራዋ መሬት ነው። ትንሿ ጎማ ከኋላ ናት፣ አፍንጫዋ ሰማይ ያያል። እና ውስጧ ዳገት ነው። በሩ ከኋላ በግራ በኩል ስለሆነ ስትገቢ ታች ላይ ነሽ፣ ጭነቱን ወደፊት የምትወስጂው ሽቅብ እየጎተትሽ ነው፣ ያውም ጎንበስ ብለሽ፣ ያውም ፀሐይ ላይ በቆመ ቆርቆሮ ውስጥ። አንድ ኩንታል በርበሬ ይዘሽ ስትወጪ ዓይንሽም አፍንጫሽም ያለቅሳል። ሰው ምን ያደርጋል፣ ሰነፍ ከሆነ ወይ ከቸኮለ በሩ አጠገብ ይከምረዋል።

ታንኳ ታውቂያለሽ፣ የወይጦዎቹን የደንገል ታንኳ። እንጨቱን ሁሉ ኋላ ከጫንሽው ምን ይሆናል፣ አፍንጫው ይነሳና ቀዛፊው አቅጣጫ መያዝ ያቅተዋል። አውሮፕላንም ያው ነው፣ ውሃዋ አየር ሆነ እንጂ። ክብደቷ ከክንፉ አካባቢ ብዙ ርቆ ወደኋላ ከሄደ መሪው አይታዘዝም። ዳኮታ ደግሞ ለመነሳት ስትሮጥ መጀመሪያ ጭራዋ ነው የሚነሳው፣ ቀጥ ትልና በሁለቱ ትላልቅ ጎማዎች ትሮጣለች፣ ከዛ ነው ምድር የምትለቀው። ጭራ ከከበዳት ያ አይሆንም።

ክብደቱስ ብትይ፣ ባዶዋን 8 ቶን ገደማ ናት፣ ስትነሳ ደግሞ ከነነዳጇ ከነሰዉ 11 ቶን ተኩል ገደማ ነው የሚፈቀድላት። በመሀል ያለው ሲታይ ብዙ ይመስላል፣ የነዳጁን ክብደት ስትቀንሺለት ግን ያልቃል። ላዩ ላይ እኛ ያለነው ከባህር ወለል 1800 ሜትር ላይ ነው፣ አየሩ ከመነሻው ስስ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ሲሞቅ ደግሞ ይብስ ይሳሳል፣ ሞተሩም በደንብ አይተነፍስም ክንፉም የሚይዘው ያጣል፣ ሩጫው ይረዝማል። ባሕር ዳርቻ ያለ አገር የምታነሳውን ሁሉ እኛ ጋ አታነሳም። ይሄን ሁሉ ትምህርት ቤት ተምረሽዋል፣ እኔ ግን የተማርኩት በሌላ መንገድ ነው።

ሰኔ 1968 ነው። አንድ ነጋዴ ቆዳ አመጣ፣ የደረቀ የበሬ ቆዳ፣ ታጥፎ በገመድ የታሰረ፣ 38 እስር። እኔ ራሴ ከሰዓት ባስኩላ ላይ አንድ በአንድ መዘንኩት፣ 25 ኪሎ 25 ኪሎ መጣ፣ ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢልም። 950 ብዬ ጻፍኩ። አውሮፕላኗ ግን የዛን ቀን አልመጣችም፣ ከጣና በኩል ጥቁር ደመና ተነስቶ ሰማዩን ዘጋው። ሌሊቱን ዘነበ፣ የሰኔ ዝናብ ታውቂዋለሽ፣ ቆርቆሮ የሚደበድበው። ቆዳው ውጪ ነው ያደረው ሸራ ለብሶ፣ ሸራው ግን እኛ ምሳ የምንበላበት የተቀዳደደው ሸራ ነው።

ጠዋት ሸራውን ስንገልጠው ሽታው... ተይው። ሎደሮቹ መሸከም ጀመሩ። አንድ ከኔ በዕድሜ በጣም የሚበልጡ ሰው ነበሩ፣ ጋሼ ነበር የምላቸው፣ ስማቸውን አልጽፍም። ትከሻቸው ላይ ጠባሳ ነበራቸው ከሸክም ብዛት እንደ ኮርቻ የተላጠ። የመጀመሪያውን እስር አነሱ፣ ትንሽ ቆሙ፣ መልሰው አስቀመጡት። "አንተ ልጅ ይሄ ቆዳ ከብዷል፣ ሚዛኑን አምጣው" አሉኝ። እኔ ምን አልኩ መሰለሽ? "ጋሼ ወረቀቱ 25 ይላል" አልኩ። "ወረቀቱ ዝናብ አልመታውም" አሉኝ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ደሞ ሰው ፊት ስለሳቁብኝ ተናደድኩ፣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ኪሴ ላይ እስክርቢቶ አለ። ባስኩላው መጋዘን ውስጥ ነው ለማውጣት አራት ሰው ይፈልጋል፣ አውሮፕላኗ አርፋለች፣ ደመናው እንደገና ጣና ላይ እየተሰበሰበ ነው፣ ካፕቴኑ ሰዓቱን እያየ ነው። "ቶሎ በሉ፣ በር ላይ አድርጉት፣ ሽቅብ መጎተት አያስፈልግም ስምንት ሰው ነው ያለው" አልኩ። ያንን ያልኩት እኔ ነኝ ሚጣዬ፣ ሌላ ማንም አይደለም። የትናንቱን ወረቀት ዛሬ ላይ ገለበጥኩና ፈረምኩ።

ሄደች። ሜዳው ጫፍ ላይ ዞረች፣ ለሁለቱም ሞተር ሙሉ ጉልበት ተሰጣቸው፣ መሮጥ ጀመረች። እኔ ታኮውን በእጄ ይዤ ቆሜ አያለሁ። ጭራዋ የምትነሳበትን ቦታ በዓይናችን እናውቀዋለን፣ የነፋስ መለኪያው ጨርቅ ጋ ስትደርስ ነው። ጨርቁ ጋ ደረሰች። አልተነሳም። አለፈችው። አሁንም ጭራዋ እንደ ቀርፋፋ አህያ መሬት ለመሬት እየተጎተተ ነው። ከጎኔ ካቦው "ተነሺ፣ ተነሺ፣ ተነሺ" ይላል፣ እኔ ምንም አላልኩም፣ ደረቴ ላይ ያለው ወረቀት ሲከብደኝ ይታወቀኛል። ከዛ ድምፁ ድንገት ወረደ፣ ካፕቴኑ ዘግቶታል። ጎማው ጮኸ፣ ጭቃ ተረጨ፣ ሜዳው ሊያልቅ አንድ የኳስ ሜዳ የሚያህል ሲቀረው ቆመች።

ቀስ ብላ ተመለሰች። መንገደኞቹ ወረዱ፣ አንዲት ሴት ዶሮ ይዛ ነበር ዶሮዋን አንገቷን አንቃ ይዛታለች እሷም አላወቀችም። ካፕቴኑ ወረደ። ይጮሃል ብለን ጠበቅን፣ አልጮኸም፣ ኮቱን አውልቆ ክንፉ ላይ አደረገና በሩ ላይ ካለው ቆዳ አንዱን እስር ራሱ ተሸከመው። ነጭ ሸሚዙ ላይ ቡናማ ውሃ ወረደ። "ሚዛን" አለ፣ እሱኑ ብቻ። ባስኩላው ወጣ። 34 ኪሎ። ሁለተኛው 34። ሦስተኛው 35። ሠላሳ ስምንቱንም አስመዘነን። በኋላ ሳሰላው 342 ኪሎ ትርፍ ነበር፣ ሁሉም በር ላይ፣ ሁሉም ጭራ ላይ።

አለቃው መጣ። "ማነው በር ላይ የከመረው?" አለ። ዝም። "ማነው?" ጋሼ "እኔ ነኝ" አሉ፣ እውነታቸውን ነው በእጃቸው የከመሩት እሳቸው ናቸው። እኔን ቀና ብለው አዩኝ። አንዴ ብቻ። አላሳበቁም፣ ልጁ ነው ያዘዘኝ አላሉም። እኔ አፌን ከፍቼ ነበር፣ እንደከፈትኩት ቀረ። አለቃው ሒሳባቸውን ሰጥቶ እዛው አሰናበታቸው፣ የቀን ሠራተኛ ስለሆኑ የሚጠየቅለት የለም። ወረቀቱን ማንም አልጠየቀኝም፣ ጊዜው ግርግር ነበር ሰው ሁሉ የራሱ ጭንቀት ነበረው። ቤት ወስጄ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። እናትሽ እንኳ አታውቅም። ይሄን ስታነቢ ሁለተኛዋ ሰው ነሽ፣ አንደኛው የንስሐ አባቴ ናቸው።

ከዛ በኋላ እኔ ባለሁበት ሜዳ ላይ ሚዛን መጋዘን ውስጥ አድሮ አያውቅም፣ ጠዋት እኔ ነኝ የማወጣው። ሰዎች ግትር ይሉኝ ነበር፣ "ቄሱ" የሚል ስም አውጥተውልኛል። 20 ደቂቃ አስቆይቻለሁ፣ 40 ደቂቃ አስቆይቻለሁ፣ ብዙ ተሰድቤያለሁ። ብዙውን ጊዜ ትክክል ሆኖ ነው የሚገኘው፣ ያንቺም እንደዛው። አለቃሽ "አላልኩሽም" ሲል ቁጥሩ ትክክል የሆነው እሱ ስላለ መሰለው። እኔ ያለሁበትን ቀን አልኖረውም፣ ይኖረው ዘንድም አልመኝለትም።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ስትደግሚ የደገምሽው ስክሪኑን ነው ወይስ ጭነቱን? በስልክ ሳይገባኝ ቀርቶ ነው። ስክሪኑ የሚያውቀው የነገሩትን ነው፣ ያም የኔው ወረቀት ነው መብራት ተደርጎበት። ወረድ ብለሽ የሚሸከሙትን ልጆች ጠይቂያቸው፣ ቡና ጋብዣቸው፣ ስማቸውን እወቂ። "ዛሬ ምን ከበዳችሁ" በያቸው። አሁን ማሽን ነው የሚያነሳው ትያለሽ፣ ቢሆንም ሰው ይገፋዋል፣ የገፋ ያውቃል። የሽፍት ለውጥ ላይና ያደረ ጭነት ላይ ደግሞ በደንብ ክፈቺ ዓይንሽን፣ ትናንት የተጻፈ ቁጥር እንደ ትናንት ሽሮ ነው፣ ተሞቆ ይቀርባል።

አለቃሽንም አትጥይው። ደቂቃ እሱም ይጠየቅበታል። በቀጣይ ስታስቆዪ ቀድመሽ ንገሪው፣ ከበር ላይ አይደለም ከሩብ ሰዓት በፊት፣ እኔ ይሄን ለመማር አሥር ዓመት ፈጅቶብኛል።

ጋሼን አገኘኋቸው። የዛሬ ሦስት ሳምንት። ወደብ ላይ፣ የዘጌ ጀልባ የሚቆምበት፣ የልጅ ልጃቸው ይዟቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል። ዘጌ እንደሚኖሩ ድሮም ሰምቼ ነበር፣ ከሜዳ ከተባረሩ በኋላ ብዙ ዘመን በታንኳ እንጨት ሲያመላልሱ ኖሩ። እኔ አሳ ልገዛ ነበር የሄድኩት፣ ቆሮሶ በፌስታል ይዤ እያንጠባጠበ አጠገባቸው ቆምኩ። "ማነህ" አሉ፣ ሰው ሲቆም ይታወቃቸዋል መሰለኝ። ስሜን ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡ፣ "ኧ፣ የወረቀቱ ልጅ" አሉና ሳቁ። ሃምሳ ዓመት ሊሆነው ነው እኮ። ከዛ ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ፣ ዘንድሮ ዘገየ አይደል አሉ፣ ጀልባው መጣ፣ ሄዱ። እኔ አልተናገርኩም፣ እንደገና። አሳው እጄ ላይ ሞቀ፣ እናትሽ ምን ሆንክ አለችኝ ፀሐይ መታኝ አልኩ።

ለበዓል እመጣለሁ ብለሻል። ከመጣሽ አብረሽኝ ዘጌ ሂጂ፣ ብቻዬን አልችለውም። ምን እንደምላቸው ገና አላወቅኩም፣ አንቺ አጠገቤ ከቆምሽ አፌ የሚዘጋ አይመስለኝም። ጀልባው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው የሚነሳው፣ አንቺ እንቅልፍ ስለምትወጂ ከማታው ነው የምነግርሽ። እናትሽ ለጋሼ ሚስት የምትይዝላቸው ነገር ታዘጋጅ ዘንድ ዘጌ ዘመድ ልንጠይቅ ነው ብያታለሁ፣ አንቺም እንደዛው በያት ለጊዜው።

ቅቤና በርበሬ በአክስትሽ ልጅ በኩል ልከንልሻል፣ እሁድ አውቶብስ ተራ ይደውልልሻል፣ ስልክሽን አትዝጊ። ቅቤው ይቀልጣል ቶሎ ፍሪጅ አስገቢው። እናትሽ 3 ኪሎ ነው ብላለች፣ እኔ አልመዘንኩትም።

አባትሽ
ባህር ዳር